የግድቡ ሰማይና የጎረቤት ዓይን

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን አሶሳ ከኢጣልያ ጦር እጅ ወጣች። ከተማይቱን ከያዙት መካከል በቤልጅግ መኮንኖች የሚታዘዙ የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ፤ የመጡትም እንግሊዝ ይገዛው በነበረው በሱዳን በኩል ነው። ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ኢጣልያኖች ኩርሙክን ወስደው ስለ ነበረ፥ በዚያ ወሰን ላይ የአንዱ ቤት እሳት የሌላውን ጣራ ሳይነካ እንደማይቀር ያን ጊዜ በግልጥ ታይቷል።

በዚሁ በቤኒሻንጉል ምድር በጉባ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሊይዝ የሚችለውን የንጋት ሐይቅ አግዶ ቆሟል። ይህን የሚያህል ሥራ በድንበር አጠገብ ሲቆም፥ ጠባቂው ምድሩን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም መመልከት ግድ ይሆንበታል። ሥጋቱም ከባዶ የተነሣ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን በግድቡ ላይ ማናቸውም አውሮፕላን እንዳይበር መከልከሉን አስታወቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል በአደባባይ ተናገሩ። በኅዳርም የግብፅና የሱዳን አየር ኃይሎች በሱዳን በመረዌ የጦር ሰፈር «የዓባይ ንስሮች» የተባለውን ልምምድ አብረው አደረጉ፤ ጥቂት ወራት ቆይተውም ደገሙት።

ግድብ ከሰማይ ሊመታ መቻሉን ዓለም ያየው በግንቦት 1935 ዓ.ም. ነው። 19 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በአንድ ሌሊት ወደ ጀርመን ተልከው የመኔንና የኤደርን ግድቦች ሰበሩ፤ ከሺህ የሚበልጥ ሰውም በጎርፉ አለቀ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በግዳጅ ሥራ ላይ የነበሩ የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው የመኔን ግድብ ጥቂት ቀላል ፀረ አውሮፕላን መድፎች ሲኖሩት፥ ኤደር ግን ሸለቆው ይጠብቀዋል ተብሎ ያለ አንድ መድፍ መተዉ ነው። ሸለቆውም አልጠበቀውም። ከአጥቂዎቹ 19 አውሮፕላኖች 8ቱ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ነገር ግን ውኃው አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ያ ለሞቱት ሰዎች ምን ይረባቸዋል?

የአየር መከላከያ ሥራ ጨርሶ የጊዜ ጉዳይ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ራዳርም ምንም ያህል ቢረቅ ከምድር ጉብታና ከተራራ በስተጀርባ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን አያይም። እንግዲህ ሚሳይል ያለው ሰው በጊዜ የሚነግረው ካላገኘ፥ ሚሳይሉ በሰፈሩ እንደ ተቀመጠ ነገሩ ያልቃል። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ከወሰን ማዶ የሚመለከት ዓይን ግን የሚገኘው በስምምነት ብቻ ነው።

ትልልቆቹ መንግሥታት ሳይቀሩ ይህን አውቀው ተባብረዋል። ኤስቶንያ፥ ላትቪያና ሊትዌንያ የራሳቸው ተዋጊ አውሮፕላን ሳይኖራቸው፥ የኔቶ ባልንጀሮቻቸው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ ሰማያቸውን ይጠብቁላቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ኢራን ከ300 የሚበልጡ ድሮኖችና ሚሳይሎች በእስራኤል ላይ በለቀቀችበት ሌሊት አሜሪካ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ መከላከሉን አገዙ፤ ዮርዳኖስም በሰማይዋ ያለፉትን ጣለች። ዮርዳኖስ ይህን ያደረገችው እስራኤልን ወድዳ እንዳይመስል፥ የራስዋን ሕዝብ ለመጠበቅ መሆኑን መንግሥቷ ገልጧል። ለጉባ ከኔቶ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ነው።

ሱዳን በሕዳሴው ግድብ ግርጌ የምትኖር አገር ናትና። ከዚያ በታች፥ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙ በማይበልጥ ርቀት፥ የሮሰይረስ ግድብ አለ፤ እርሱም ሊይዝ የሚችለው ከንጋት ሐይቅ ውኃ ጥቂቱን ብቻ ነው። ጉባ ቢመታ ቀድሞ የሚሰጥመው በብሉ ናይል የሚያርሰው ሱዳናዊ ነው። በመረዌ ከግብፅ ጋራ የተለማመዱት አብራሪዎች የዚሁ ገበሬ ልጆች መሆናቸው የሚያስገርም ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ብቻዋን ወደ ሰማይ መመልከት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ኢጣልያ ከመውረሯ በፊት በነበሩት ወራት እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት ከልክለው ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መድፍ ኋላ ቆመው ተኰሱ። ንጉሥ በእጁ መድፍ የያዘበት ቀን ለጀግንነቱ ይመሰገን እንጂ፥ የመከላከያውን ማነስም ይመሰክራል።

ከሱዳን ጋራ ሊደረግ የሚቻለው የመጀመሪያው ነገር ግን ብዙ ወርቅ አያስወጣም። በዳማዚንና በአሶሳ መካከል ሌትና ቀን የሚነሣ አንድ የስልክ መስመር፥ በረራ ሲታይ የማን እንደሆነ የሚነግር አንድ የጋራ መዝገብ፥ ለዚህም ሥራ የተመደቡ ከሁለቱ ወገን ጥቂት መኮንኖች ይበቃሉ። ችግሩ በማዶ ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው የሚለው ነው። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ ድሮንም ከሁለቱም ወገን ይነሣል። በኩርሙክ በኩል ሸሽተው የገቡት ሰዎች በአሶሳ ዞን በኡራ መጠለያ ሰፍረዋል።