የማሽላ ቡቃያ መርዝና የጂኖቹ ሥርዓት

በድሬዳዋ ዙሪያና በሐረርጌ ገጠሮች የተዘዋወሩ አንባቢያን፣ ገበሬው ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርጎ ከዘራ በኋላ እያሳሳ የሚነቅለውን ቡቃያ ለከብቱ ሲመግብ አይተው ይሆናል። ስመ ጥሩው የሐረርጌ ሰንጋ ከሚደልብባቸው መኖዎች አንዱ ይኸው ነው። ሆኖም ድርቅ ያጠወለገውን ለጋ ማሽላ፣ ወይም ዝናብ ሲመለስ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቆጠውን የበላ ከብት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሚገድለው ሃይድሮጅን ሳይናይድ ነው፤ ይህ መርዝ ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል።

ሳይናይዱ በተክሉ ውስጥ እንዲሁ ተበትኖ አይገኝም። ዱሪን በተባለ ውሁድ ውስጥ ከስኳር ጋር ተሣሥሮ ይቀመጣል። ደንስታንና ሄንሪ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ዱሪንን ከግብፅ ማሽላ ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ስሙንም የሰጡት ማሽላን ከሚያመለክተው «ዱራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። (በአጋጣሚ የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነበር።) ዱሪን በቅጠሉ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ሲከማች፣ እርሱን የሚሰብረው ኢንዛይም ደግሞ ከሥር ባሉት ሕዋሳት ክሎሮፕላስት ውስጥ ይኖራል። ነፍሳት ወይም ከብት ቅጠሉን ሲያኝኩት ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሳይናይዱም ይለቀቃል። ተክሉ ራሱን ሳይመርዝ ጠላቱን የሚመርዘው በዚህ ብልሃት ነው።

ዱሪንን ለመሥራት ሦስት ኢንዛይሞች ይበቃሉ። ሁለቱ ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በየደረጃው ይለውጣሉ፤ ሦስተኛው በመጨረሻው ውጤት ላይ ስኳር ያያይዛል። ለእያንዳንዳቸው መመሪያውን የያዘ አንድ ዘረ መል፣ ማለትም ጂን አለ። እጅግ የሚያስገርመው የጂኖቹ አቀማመጥ ነው። በአንድ የሥራ ሰንሰለት የሚሳተፉ የተክል ጂኖች ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ክሮሞሶሞች ተበታትነው ይገኛሉ፤ እነዚህ ሦስቱ ግን በማሽላ ክሮሞሶም 1 ላይ ተጎራብተው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ዱሪንን ወደ ማከማቻው የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ጂን በዚያው ሰፈር እንደሚገኝ አሳይቷል።

ይህ ጉርብትና ምን ይጠቅማል? በኮፐንሃገን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሦስቱን ጂኖች አራቢዶፕሲስ ወደተባለች ትንሽ የጎመን ዘመድ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳስታወቁት ተክሏ ዱሪን ሠራች፤ ቅጠሏን ይበላ የነበረ ጥንዚዛም ሸሻት። ሁለቱን ብቻ ሲያስገቡ ግን ተክሏ ቀጨጨች፤ ያላለቀው ውሁድ ራሷን ይጎዳታልና። በእኔ አስተያየት የጉርብትናው ትርጉም እዚህ ላይ ነው፦ ተጎራባች ጂኖች በውርስ አይለያዩም፤ ልጅም ግማሹን ብቻ ወርሶ ለጉዳት አይጋለጥም።

ጂኖቹ ሁልጊዜ እኩል አይሠሩም። በጨለማ በበቀለ ቡቃያ ጫፍ ዱሪን ከደረቅ ክብደቱ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ተክሉ ባደገ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል፤ የበሰለው ፍሬ ግን ከሞላ ጎደል ነፃ ስለሆነ የማሽላ እንጀራ አያሰጋም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ናይትሬት ያገኘ ያደገ ማሽላ የሁለቱን ጂኖች ሥራ እንደሚያፋጥን አረጋግጧል። የድርቅ ጭንቀትም የመርዙን ክምችት ከፍ ያደርጋል።

ታዲያ ማራቢው መርዙን ጨርሶ ቢያጠፋውስ? በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዘርን ለኬሚካል አጋልጠው ያገኟቸውን ሁለት ዓይነት ማሽላዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አስተዋውቀዋል። በአንደኛው የመጀመሪያው ኢንዛይም አንዲት አሚኖ አሲድ ስለተለወጠች ዱሪን ከነጭራሹ የለም፤ ቡቃያውም እድገቱ ትንሽ ዘገም ይላል። ሁለተኛው በቡቃያነቱ እንደ ተራ ማሽላ መርዛም ሆኖ፣ ሲያድግ መርዙን ይተዋል። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ለጋው ተክል አንበጣና ትል በሚያሰጉት ወቅት ጋሻው አይገፈፍምና። ይሁን እንጂ ሁለተኛውም ቢሆን በለጋነቱ መርዛም ስለሆነ፣ በማሳሳት የሚነቀለውን ቡቃያ ጉዳይ አይፈታም።

ስለዚህ ገበሬው ዛሬም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ የተራበ ከብት ድርቅ የመታውን ወይም አዲስ ያቆጠቆጠውን ማሽላ እንዳይግጥ መከልከል አለበት። በቤተ ሙከራ ደግሞ ቅጠሉን ጨፍልቆ በተከደነ ብልቃጥ ውስጥ ከፒክሬት ወረቀት ጋር ማቆየት ይቻላል፤ ሳይናይድ ካለ ቢጫው ወረቀት ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል።