እያንዳንዱ ክር በየራሱ ድምፅ

ጊታር፣ ክራር፣ በገናና የሱዳኑ ጠንቡር ክር ያላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ናቸው። አንድ ክር ብቻውን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ክሩ ቀጭን በመሆኑ ብዙ አየር ለማንቀሳቀስ አይችልምና። ስለዚህ የክሩ ንዝረት ክሮቹ በተደገፉበት በርኩማ አማካይነት ወደ ቆዳው ወይም ወደ ጣውላው ይተላለፋል። ሰፊው ቆዳ ወይም ጣውላ ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር አንቀሳቅሶ ድምፁን ያጎላዋል። ይህ የቆየ ዘዴ በአንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ አድማጮች በቂ ነው፤ ለትልቅ ጉባኤ ግን አይበቃም።

ችግሩ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱምም በጉልህ የታየ ነው። በዚያ አገር የዘፈን አጃቢ ሆኖ የኖረው ዑድ ነበር። በ1935 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦምዱርማን የተወለደው ሻርሐቢል አሕመድ ግን በ1960ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሪክ ጊታርን ከሱዳን ዜማ ጋር አዋሕዶ ለሕዝብ አሰማ። ባለቤቱ ዘኪያ አቡ ልቃሲምም በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት የጊታር ተጫዋች ለመባል በቅታለች። ጦርነቱ በ2023 እስኪነሣ ድረስ በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ስለ ነበር፣ በዚያች ከተማ ክራርም ከጊታር ጋር ይሰማ ነበር።

እንግዲህ በዚያን ዘመን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሠርግ ተደግሶ አንድ ክራር ደርዳሪ ተጋበዘ እንበል። የድምፅ ማጉያው ማይክሮፎን በክራሩ ፊት ቢተከል የሚቀበለው የክራሩን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ እልልታውን፣ ጭብጨባውንና የከበሮውን ድምፅ ሁሉ ይሰበስባል። ከዚህም በላይ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት ድምፁን ከአየር ሳይሆን ከመሣሪያው ከራሱ የሚቀበል፣ ፒክአፕ የሚባል ድምፅ ለቃሚ ማስፈለጉ አልቀረም።

ከድምፅ ለቃሚዎች አንዱ ዓይነት በማግኔት የሚሠራ ነው። ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በ1931 በአሜሪካ ባዘጋጁት የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የዋለው ይኸው ነበር። አሠራሩም ቀላል ነው። ማግኔቱ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ በክሮቹ ሥር ይቀመጣል። የብረት ክር በማግኔቱ አጠገብ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በጥቅሉ ሽቦ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል፤ ማጉያውም ያንን ሞገድ አበርትቶ ድምፅ ያደርገዋል። ነገር ግን ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ብቻ በመሆኑ ከጅማት ወይም ከናይለን በተሠራ ክር ላይ ከንቱ ነው። የብረት ክር ባለው ጊታርም ላይ ቢሆን አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥማል። በተለመደው ባለ ሣጥን ጊታር ላይ ወፍራሞቹ አራት ክሮች መሀላቸው ብረት፣ ላያቸው ግን በነሐስ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ነሐሱን ማግኔቱ አያውቀውም። ስለሆነም ለጆሮ ወፍራምና ብርቱ የነበረው ክር በማጉያው ሲሰማ ይደክማል፤ ነሐስ ያልለበሰው ሁለተኛው ቀጭን ክር ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ለዚህ የተገኘው መላ በየክሩ ሥር አንዳንድ ብሎን ማኖር ነበር፤ ብሎኑ ወደ ክሩ ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። የጊብሰን ኩባንያ በ1940ዎቹ እንዲህ ያሉትን ብሎኖች በድምፅ ለቃሚዎቹ ላይ አውሏል።

ሁለተኛው ዓይነት ፒዬዞ ይባላል። ዣክ ኩሪና ፒዬር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 እንዳረጋገጡት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ይወጣቸዋል። እንዲህ ያለ ክሪስታል በበርኩማው ሥር ቢቀመጥ የክሩ ንዝረት በየቅጽበቱ እየጨመቀና እየለቀቀ ኤሌክትሪክ ያስገኝበታል። ጅማትም ይሁን ናይለን ለእርሱ ለውጥ የለውም፤ ለክራር የተሻለውም ይህ ነው። ጉድለቱ አንድ ወጥ ክሪስታል በክሮቹ ሁሉ ሥር ሲዘረጋ ይታያል። በርኩማው በአንድ በኩል ጠብቆ፣ በሌላው በኩል ላልቶ ከተቀመጠ አንዱ ክር ይጎላል፣ ሌላው ይሰወራል። በዚያ ላይ የስድስቱም ክሮች ድምፅ በአንድ ሽቦ ተደባልቆ ይወጣል፤ ወጥ ከተሠራ በኋላ ጨዉን ከበርበሬው ለመለየት እንደማይቻል ሁሉ፣ ከተደባለቀ በኋላ የአንዱን ክር ድምፅ ለይቶ ማረም አይቻልም።

ስለዚህ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ክር የየራሱን ትንሽ ክሪስታል መደቡለት። ከየክሪስታሉ የሚወጣው ደካማ ሞገድ በየራሱ መሥመር ይሄዳል፤ በየመሥመሩም ላይ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ አነስተኛ ማስተካከያ ይገጠማል። ስድስቱ መሥመሮች የሚደባለቁት ከተስተካከሉ በኋላ ነው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1977 ባወጣው የጊታር ሲንተሳይዘር ላይ የየክሩን ድምፅ በማግኔት ለያይቶ የተቀበለው፣ ከየክሩ ሌላ ዓይነት ድምፅ ለመፍጠር ሲል ነበር። የማይቀሩ ችግሮችም አሉ። ሽቦው ይበዛል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ባትሪም ያስፈልጋል። የአንዱ ክር ንዝረት በእንጨቱ በኩል ወደ ጎረቤቱ ክሪስታል ስለሚሻገር ልየታው ፍጹም አይሆንም።

በየክሩ ላይ የየራሱን ማስተካከያ የማኖር ሐሳብ ለአገራችን መሣሪያዎች እንግዳ አይደለም። በበገና ላይ በበርኩማውና በእያንዳንዱ ክር መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው አሥሩንም እንዝራ አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰ ክሩ የሚፈልገውን የመንዘር ድምፅ እስኪሰጠው ድረስ ያስተካክላል፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የየክሩ ማስተካከያ ማለት ነው።

ከጊታር ይልቅ ይህ ማስተካከያ ለክራርና ለጠንቡር ማስፈለጉ ምክንያት አለው። የጊታር ተጫዋች አንዱን ክር በአንገቱ ላይ በተለያየ ስፍራ እየተጫነ ብዙ ድምፅ ያወጣበታል፤ አንዱ ክር ቢደክም ያንኑ ድምፅ በሌላው ክር ላይ ሊያገኘው ይችላል። በክራር ግን አንድ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ደርዳሪው በቀኝ እጁ ክሮቹን ባንድነት ሲገርፍ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ያፍናል፤ ዜማው የሚወጣው ካልታፈኑት ነው። ስለዚህ በማጉያው ውስጥ አንዱ ክር ከተሰወረ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች አንዱ ከዜማው ጨርሶ ይጠፋል። ትዝታ ሲመታ ትዝታ መሆኑ ሊቀር ይችላል። ድምፅ ማጉላት ማለት ማጉያውን ወደ ላይ ማዞር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች የሚስቱት ይህን ነው።

ባህላዊው መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ ያገኘው መልክ ልዩ ልዩ ነው። የቤጃ ተወላጅ የሆነው የፖርት ሱዳን ሙዚቀኛ ኑሪ፣ ከአባቱ ያገኘውን ጠንቡር ከወዳደቀ ዕቃ መካከል ካገኘው የጊታር አንገት ጋር አያይዞ አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርቷል፤ የተጫወተበትም የሙዚቃ አልበም በ2022 ታትሟል። በለንደን ተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ የክራሩን ቅርፅ ሳይለውጥ በኤሌክትሪክ እያጎላ አሰምቷል።

በካርቱም ሁለቱ ሠርግ የተጋበዘው ደርዳሪ ለየክሩ ማስተካከያ ያለው ክራር ቢኖረው ሥራው እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያ ክራሩን ይቃኛል። ቀጥሎ ስድስቱንም ክሮች በእኩል ኀይል አንድ በአንድ እየነካ፣ የደከመውን ከፍ፣ የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። ፉጨት ከተነሣ ሁሉንም ሳይሆን ፉጨቱን ያመጣውን ክር ብቻ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ግቢው ባዶ ሳለ ቢጨርስም፣ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ስለሚመጥ፣ እንግዶቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ እንደገና ይሞክረዋል።