ኦስካሩን የሸጠው ወታደር

አጎቴ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በታች አልነበረም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው የምሳውን ሰዓት ነው። አያቴ፣ እናቴ፣ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሳይቀር እየተሻማ ያጎርሳቸው ነበር። አንድ ቀን “በግራም ቢሆን ራሴ ልብላበት፤ ተዉኝ!” ብለው ከማዕድ ተነሡ። አያቴ አለቀሱ። ምን እንዳስቆጣቸው የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስመለከት ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው “ዘ ቤስት ይርስ ኦፍ አወር ላይቭስ” ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደየቤታቸው የሚመለሱ የሦስት አሜሪካውያንን ታሪክ ይተርካል። ከሦስቱ አንዱ፣ ሆመር የተባለው ወጣት የባሕር ኃይል አባል፣ ሁለት እጆቹን አጥቶ በምትካቸው የብረት መንጠቆ ተገጥሞለታል። መጀመሪያ የካሜራ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ተዋናዩ ሃሮልድ ራስል ግን በእርግጥም ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ መንጠቆዎቹም የራሱ ናቸው።

ራስል በ1914 በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ያደገ የምግብ መደብር ሠራተኛ ነበር። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት ለውትድርና ተመዘገበ። እጆቹን ያጣው ግን ሲዋጋ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና በሚገኝ የጦር ሰፈር አሠልጣኝ ሳለ፣ በያዘው ፈንጂ መቀጣጠያ ብልሽት ምክንያት እጁ ላይ ፈነዳበት። ቀኑ ጁን 6 ቀን 1944 ነው። የአገሩ ወታደሮች ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ላይ በወረዱበት በዚያው ዕለት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጦሩ ስለ ቁስለኞች ማገገም ባዘጋጀው አጭር ፊልም ላይ ታየ። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ያገኘው በዚያ ነው። ዋይለር ራሱ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ሆኖ ሲቀርጽ ጆሮው የተጎዳ ሰው ነበር። ፊልሙ በተመሠረተበት መጽሐፍ ውስጥ የሆመር ጉዳት ሌላ ዓይነት ነበር፤ ለራስል ሲባል ተቀየረ። ፕሮዲዩሰሩ ሳሙኤል ጎልድዊን የትወና ትምህርት ሊያስተምረው ሲሞክር ዋይለር ተቆጣ። የፈለገው ትወና ያልነካካውን ሰው ነውና። እውነት ለመናገር ራስል አንዳንድ ቦታ ላይ ንግግሩ ደረቅ ይላል። ዝም ሲል ግን የሚያህለው የለም።

ሆመር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እናቱ መንጠቆውን አይታ ትደነግጣለች። ሳሎን ተቀምጠው ሳሉ የያዘው ብርጭቆ ያመልጠዋል። ሁሉም ላለማየት ሲጠነቀቁ ጥንቃቄያቸው ራሱ ያሳቅቀዋል። በኋላ እጮኛውን ዊልማን መኝታ ክፍሉ ይወስዳትና መንጠቆዎቹን ከነማሰሪያቸው አውልቆ ያሳያታል። ያለ እነሱ በር እንኳ መክፈት እንደማይችል ይነግራታል። እሷ አታለቅስም፤ የሌሊት ልብሱን ትቆልፍለታለች፣ ታለብሰዋለች። እዚህ ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሜ ስለ አጎቴ ማዕድ አሰብኩ። እኛ ሳንጠየቅ ነበር የምናጎርሳቸው።

በ1947 የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ የአካዳሚው ኃላፊዎች ራስል ያሸንፋል ብለው አልገመቱም። ስለዚህ ለጦር ተመላሽ ጓዶቹ ተስፋና ብርታት ስለሰጠ ብለው ልዩ የክብር ሽልማት አዘጋጁለት። በዚያው ምሽት የምርጥ ረዳት ተዋናይነቱንም አሸነፈ። ለአንድ ሚና ሁለት ኦስካር የወሰደ ሰው ከእሱ በቀር የለም።

ከዚህ በኋላ ሆሊውድ የሚሻማበት ይመስላል። ዋይለር ግን እጅ ለሌለው ሰው ብዙ ሚና እንደማይገኝ ነግሮ ትምህርቱን እንዲቀጥል መከረው። ጨካኝ ምክር ነው፤ ትክክልም ነበር። ራስል ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ንግድ ተማረ። የጦር ተመላሾች ማኅበር የሆነውን አምቬትስን ሦስት ጊዜ መራ፤ ከ1964 ጀምሮም የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማስያዝ የፕሬዚዳንቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ወደ ትልቁ ስክሪን የተመለሰው በ1980 “ኢንሳይድ ሙቭስ” በተሰኘው ፊልም ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ።

በ1992 ስሙ እንደገና ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኦስካሩን ለጨረታ አቅርቦ ነበር። አካዳሚው ተቃወመ። ነገር ግን ተሸላሚዎች ሐውልቱን እንዳይሸጡ የሚያግደው ውል የመጣው ከ1950 ወዲህ ስለሆነ እሱን አይመለከተውም። ሚስቱ ሕክምና ያስፈልጋት ነበርና ከሐውልቱ እሷ እንደምትበልጥበት ተናገረ። በ60,500 ዶላር ተሸጠ።

የሸጠው የምርጥ ረዳት ተዋናይነቱን ነው። ስለ ጓዶቹ የተሰጠውን ሌላውን ግን ለጨረታ አላቀረበውም።