ፍርስራሹ ከተነሣ በኋላ

ቤት የተደረመሰበት ሰው፣ ጭኑ በምሰሶ ሥር ተይዞ ሳለ፣ ስሙን እየተናገረ፣ ውኃ እየለመነ፣ ከሚቆፍሩለትም ሰዎች ጋር እየተነጋገረ ብዙ ሰዓት ሊቈይ ይችላል፤ ምሰሶው ተነሥቶለት ሕዝቡ ተመስገን ሲል ግን፣ በዚያችው ቅጽበት ልቡ ቀጥ ብሎ ሊሞት፣ ወይም ድኗል ተብሎ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ በሳምንቱ ገደማ ኩላሊቱ ተዘግቶ ሊያልፍ ይችላል።

ነገሩ በሚገባ የታወቀው ጀርመኖች ሎንዶንን በቦምብ በሚደበድቡበት ዘመን ሲሆን፣ ኤሪክ ባይዋተርስ የተባለው ሐኪም ከባልደረባው ከዴዝመንድ ቢል ጋር በ1941 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአራት ሕሙማንን ታሪክ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። እርግጥ ሴይጎ ሚናሚ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በፊተኛው የዓለም ጦርነት አፈር ተጭኗቸው ስለ ሞቱ ወታደሮች በ1923 በጀርመን አገር ጽፎ ነበር፤ ዝናው ግን ለሎንዶኖቹ ሆነ፣ ይህም ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ደኅና ይመስላል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን የተጫነው እግር አብጦ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ቈዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ሲነኩት አይሰማውም፤ ሽንቱም እያነሰ ሄዶ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል።

ምክንያቱ በጡንቻ ውስጥ ነው። በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ክብደት የሕዋሱን ቅጥር ሲያፈርሰው ይህ ንጥረ ነገር ይፈታል፤ ጭነቱ እስካለ ድረስ ደም በዚያ ክፍል እንደ ልቡ ስለማይመላለስ እዚያው ታግዶ ይቈያል፣ ጭነቱ በተነሣ ጊዜ ግን ከተጐዳው ጡንቻ ከሚወጣው አሲድ ጋር ተጠራርጎ ወደ ልብ ይገባና ምቱን ያዛባል። ማዮግሎቢን የተባለው የጡንቻ ቀይ ቀለምም በኩላሊት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እየረጋ ይደፍናቸዋል፤ በዚያው ጊዜ የተጐዳው ሥጋ ከደም ውስጥ ውኃን እየሳበ፣ አንዳንድ ጊዜ ከ10 ሊትር በላይ፣ ያብጣል፣ ደሙም ይጐድላል።

ስለዚህ ሕክምናው የሚጀመረው ድንጋዩ ሳይነሣ ነው፤ ለቈፋሪው ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ምክንያቱም እጁ የሚቸኵለው ወደ ድንጋዩ ነውና። ነጻ ሆኖ በሚገኘው ክንድ ደም ሥር ውስጥ ተራው የጨው ፈሳሽ፣ ለዐዋቂ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል፣ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሽንቱ እየታየ መጠኑ ይቀነሳል። ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ ራሱ ፖታሲየም ስላለበት አይመረጥም። የልብ ምት ከተዛባ ካልሲየም በደም ሥር ይሰጣል፤ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሲሆን ፖታሲየሙን ወደ ሕዋሳት ይመልሰዋል። እግርን እዚያው መቍረጥ ሌላ መውጫ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። የፈሳሹ ጥቅም በ1982 በጢሮስ ከተማ ታይቷል፤ ሕንፃ ከተደረመሰባቸው መካከል ሰባቱ በአደጋው ሥፍራ ሳሉ ፈሳሽ ስለ ተጀመረላቸው፣ ጡንቻቸው ክፉኛ ተጐድቶ ሳለ የአንዳቸውም ኩላሊት አልተዘጋም።

ፈሳሹ ሳይደርስለት ኩላሊቱ የተዘጋበት ሰው ዲያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጠብ፣ ያስፈልገዋል። በታኅሣሥ 1988 በአርሜንያ የምድር መናወጥ በደረሰ ጊዜ፣ ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት መካከል ብዙ መቶ ሰዎች ኩላሊታቸው በመታወኩና የሚያጥባቸው ማሽን ባለመብቃቱ፣ ሐኪሞች ነገሩን ሁለተኛ መቅሠፍት ብለውታል፤ ከዚያም የተነሣ ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ለአደጋ ጊዜ የሚደርስ ግብረ ኃይል አቋቋመ። በ1999 በቱርክ ማርማራ በደረሰው መናወጥ 477 ሰዎች በዚህ ማሽን ታጠቡ። ማሽኑም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ለሳምንታት ብቻ ነው፤ ቧንቧዎቹ ከተደፈኑ በኋላ ራሳቸውን እያደሱ፣ ሽንት በመጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላም በብዛት መውረድ ይጀምራል።