መንገድ ላይ ምጥ ሲይዛት፦ ፍየል፣ በግና ግመል ለሚነዱና ለሚጭኑ

ከቦረና ወደ ሞያሌ ወይም ከጅግጅጋ በቶጎጫሌ ወደ በርበራ የሚሄድ ነጋዴን ከሚያከስሩት ነገሮች አንዱ ሲገዛ ያላስተዋለው እርግዝና ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጫነው በአብዛኛው ወንድ ቢሆንም፣ ለወተት፣ ለእርባታና ለቄራ ድንበር የምትሻገረው ሴትም ጥቂት አይደለችም። ከነዚህ አንዷ ምጥ ይዟት አልወለድ ሲላት፣ አጠገቧ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ዝም ብሎ ይነዳታል ወይ ያገኘውን እግር ይዞ ይጎትታል። ሁለቱም እናቲቱንም ግልገሉንም ያሳጣሉ።

ጤናማ ምጥ ሲጀምር ፍየልና በግ ከመንጋው ትለያለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትተኛና ትነሳለች። ይህ ደረጃ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ጥላና ጸጥታ እንጂ የሰው እጅ አይደለም። ሰዓት መታየት ያለበት በኃይል ማማጥ ስትጀምር ወይም የሽርት ውሃው ሲፈስ ነው። ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንም ካልታየ፣ ወይም የታየው ወደ ውጭ ካልገፋ፣ ግልገሉ በትክክል አልመጣም ማለት ነው። በግመልም የማማጡ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ ስለዚህ «እስኪመሽ እንጠብቅ» የሚባለው ነገር ለግመል አይሠራም።

በትክክል የመጣ ግልገል ሁለት የፊት እግሮቹና በላያቸው የተቀመጠ አፍንጫው ይታያሉ። እግር ብቻ ከታየ የፊት ይሁን የኋላ መለየት ያስፈልጋል። ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት እግር ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከታጠፈ የኋላ ነው። ሁለት የኋላ እግሮች ቀጥ ብለው ከመጡ ግልገሉን ለማዞር መሞከር አያስፈልግም፤ እንደዚያው ይወለዳል። ነገር ግን ዳሌው ከወጣ በኋላ መዘግየት የለበትም፤ እትብቱ ይጨመቅና ጭንቅላቱ ገና ውስጥ እያለ ይታፈናል። መንታ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የታዩት ሁለት እግሮች የአንድ ግልገል መሆናቸውን፣ በጣት ወደ ላይ እስከ ደረቱ ተከትሎ ማረጋገጥ ነው። የሁለት ግልገሎችን እግር አንድ ላይ መሳብ ሁለቱንም ያጣብቃቸዋል።

የግመል ችግር በአብዛኛው ከግልገሉ ርዝመት ይመጣል። አንገቱም እግሩም ረጅም ስለሆነ፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ ወይም የፊት ጉልበቱ ታጥፎ መቅረቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት እግር ይታያል፣ አፍንጫ ግን የለም። ከዚህ በኋላ የሚደረግ መጎተት አንገቱን ይበልጥ ያጥፈዋል፣ ማህፀኗንም ሊቀድ ይችላል። ይህን የሚያቃናው ልምድ ያለው እጅ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ይቁም፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም የአካባቢው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይጠራ። በየአርብቶ አደሩ መንደር በዚህ የታወቁ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ጊዜ ከማንም ደላላ ይልቅ የሚያስፈልገው የነሱ ስልክ ነው።

ፍየል ወይም በግ ሆና ሐኪም በሩቅ ከሆነ ሊደረግ የሚቻል ነገር አለ። ጥፍር ይቆረጣል፣ ቀለበት ይወልቃል፣ እጅና የእንስሳዋ ብልት በሳሙና ይታጠባሉ፣ ጓንት ይደረጋል። ጓንቱ በሳሙና ውሃ ወይም በንጹሕ የምግብ ዘይት በደንብ መለስለስ አለበት፤ ውሃው ከፈሰሰ የቆየ ከሆነ መንገዱ ስለሚደርቅ፣ ያለ ቅባት የሚገባ እጅ ይልጣል። የታጠፈ ጉልበት የሚቃናው በመሳብ አይደለም፤ በማማጥ መካከል እረፍት ስታደርግ ግልገሉን ወደ ውስጥ በዝግታ በመግፋት ቦታ ከተገኘ በኋላ፣ ሰኮናውን በመዳፍ ሸፍኖ ወደ ፊት በማምጣት ነው። መዳፉ የሚሸፍነው ሰኮናው ማህፀኗን እንዳይወጋ ነው። የኋላዋ ከፍ ያለ ተዳፋት ላይ ከተደረገች ሥራው ይቀላል። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ስታምጥ ብቻ፣ ወደ ታች ወደ ሰኮናዋ አቅጣጫ ይሳባል። የሚበቃው የአንድ ሰው ጉልበት ነው። ሦስት ሰው ተጋግዞ መሳብ፣ ወይም ገመድ ከመኪና ጋር ማሰር፣ መግደል ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ ማቆም ይሻላል።

በየገበያው ሱቅ የሚሸጠው ኦክሲቶሲን መርፌ ለብቻው መነሳት አለበት። መድኃኒቱ ማህፀን እንዲጨመቅ ያደርጋል እንጂ የታጠፈ አንገት አያቃናም። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ከተሰጠ ማህፀኑ ሊቀደድ ይችላል። ሐኪም ግልገሉ በትክክል መምጣቱን ሳያረጋግጥ መሰጠት የለበትም። አንቲባዮቲክ የተወጋች እንስሳም «ሳትሞት እንረዳት» ተብላ በማግስቱ ቄራ መግባት የለባትም፤ በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ማለፍ አለበት።

ጓንቱ የሰውየውም መከላከያ ነው። ብሩሴሎሲስና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽርት ውሃ፣ በእንግዴ ልጅና በጨነገፈ ጽንስ በኩል ሰውን ይይዛሉ። በተለይ ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ ብዙ እንስሳት በአንድ ጊዜ ከጨነገፉና ግልገሎች ካለቁ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ደብቆ ድንበር መሻገር ለሁሉም አደጋ ነው። በሽታው በ1997 እና 1998 እ.ኤ.አ. ኬንያንና ሶማሊያን መታ፤ በ2000 በሳውዲ አረቢያና በየመን ሲከሰት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለአፍሪካ ቀንድ እንስሳት በራቸውን ዘጉ፤ የሳውዲ እገዳም እስከ 2009 ድረስ ቆየ። በርበራ ላይ ያኔ የከሰረ ነጋዴ ይህን አይረሳም። የጨነገፈው ጽንስ በባዶ እጅ አይነካም፣ ለውሻ አይጣልም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፣ ለእንስሳት ጤና ቢሮም ይነገራል። የጨነገፈችው እናት ወተት ሳይፈላ አይጠጣም።

ከተወለደ በኋላ የግልገሉ አፍንጫና አፍ ይጠረጋል። የግመል ግልገል መላ አካሉ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ይዞ ነው የሚወለደው፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ ከአፍንጫው ላይ ከተነሳ ሌላው ደርቆ ራሱ ይረግፋል። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥባት አለበት። እንግዴ ልጁ በግመል ቶሎ ይወጣል፤ በፍየልና በበግ እስከ 12 ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ካለፈ ሐኪም ነው እንጂ በእጅ መጎተት ወይም ድንጋይ ማንጠልጠል አይደለም።

እንደ ዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ከወለደች 48 ሰዓት ያልሞላት እናትና እትብቱ ያልደረቀ ግልገል አይጫኑም፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ አሥር በመቶ ውስጥ ያለችም እንዲሁ። ፍየልና በግ 150 ቀን ገደማ ስለሚያረግዙ ይህ የመጨረሻው 15 ቀን ነው፤ 13 ወር ገደማ ለምታረግዝ ግመል 40 ቀን ይጠጋል።

ይህን ገበያው ላይ ለማወቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ያረገዘች ግመል አውራ ሲቀርባት ጭራዋን ወደ ላይ ታቆማለች፤ ማርገዟን እንጂ ስንት ወር እንደሆናት አይናገርም። መቃረቧን የሚናገረው የሞላ ግት፣ ያበጠ ብልትና በጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ የላላው ጅማት ነው። ፍየል ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ከሆዷ ዝቅ ብሎ መዳፍ አስጠግቶ ገፋ ሲደረግ፣ ጠንከር ያለ ነገር ተመልሶ እጅ ከመታ እርግዝናዋ ገፍቷል።