የአራስ ሕፃን ሕመምና የእጅ ቴሌፎን

ዐዋቂ ሰው ሲታመም ያቃስታል፤ ሕመሙንም ይናገራል። ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ግን ሲታመም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ጡት መጥባት ይተዋል፤ ገላው ይዝላል፤ በማተኮስ ፈንታም ሊቀዘቅዝ ይችላል። እናቲቱ «ዛሬስ ተኛልኝ» ብላ ደስ ሲላት የዝምታው ምክንያት ሕመም ሆኖ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓመት በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን የሚያህሉ ሕፃናት የአንድ ወር ዕድሜ ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ምልክቱ በጊዜ ቢታወቅላቸው ኖሮ በሕክምና ሊድኑ ይችሉ ነበር።

የሕንድ መንግሥት ይህን በማሰብ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. «ኪልካሪ» የተባለውን አገልግሎት አቆመ፤ ትርጓሜውም የሕፃን የደስታ ድምፅ ማለት ነው። እናት ካረገዘች ከአራተኛው ወር አንሥቶ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየሳምንቱ ይደወልላታል፤ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅም ያለ ዋጋ ይመክራታል። ሲቋቋም ምክሩ በጠቅላላው 72 ነበር። በጽሕፈት ሳይሆን በድምፅ መሆኑ ታላቅ ማስተዋል ነው፤ ማንበብ ያልተማረች እናት ከምክሩ አትጎድልምና። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ቴሌፎኑ በባል እጅ ይውላል። እርሱ ከእርሻ ላይ ሆኖ የሰማውን ማታ ለሚስቱ ካልነገራት መሣሪያው ምን ይጠቅማታል?

እንዲህ ያለ አገልግሎት በሌለበት ስፍራ እንኳ በእጅ ቴሌፎን ውስጥ ያለው ሰዓት ይረዳል። ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ልብሱን ከደረቱ ገልጦ፣ ሰዓቱን እያዩ የትንፋሹን ብዛት አንድ ደቂቃ ሙሉ መቍጠር ነው። የአራስ ትንፋሽ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ቆም ብሎ ስለሚቀጥል፣ ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ቍጥሩ 60 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይቈጠራል፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው።

ትንፋሽ ሲስብ የደረቱ ታችኛው ክፍል አጥብቆ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ ካልነኩት በቀር ባይንቀሳቀስ፣ ገላው እጅግ ቢግል ወይም ቢቀዘቅዝ፣ ጡት ቢተው፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ቢታይ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። በመንገድም ሕፃኑ ራሱ ተሸፍኖ፣ ራቁት ገላው ከእናቱ ደረት ጋር ተጣብቆ በጋቢ ይጠቀለል፤ መጥባት የሚችል እንደሆነም ጡት እየጠባ ይሂድ።