ጥቃቅን ማዕድናትን በፕላዝማ ማስ ስፔክትሮሜትሪ መለካት

በሙዱላም ሆነ በሌላ አነስተኛ ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የዚንክ ወይም የሴሊኒየም እጥረትን በምርመራ ክፍል አይቶ ለመለየት ይቸገራል፤ ምልክቶቹ ከሌሎች ሕመሞች ጋር ይመሳሰላሉና። በእ.ኤ.አ. 2015 በተካሄደው ብሔራዊ የማይክሮኑትሪየንት ጥናት የተሰበሰበው ሴረም በዚህ ዘዴ ሲለካ፣ ከተመረመሩት አንድ ሦስተኛ ገደማ የሴሊኒየም እጥረት እንዳለባቸው፣ መጠኑም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ ታውቋል።

መሣሪያው የተበረዘውን ናሙና በብዙ ሺህ ዲግሪ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ አሳልፎ አቶሞቹን ወደ አዮን ይለውጣል፤ ከዚያም በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራቸዋል። ችግር የሚፈጥረው ራሱ አርጎን ነው። ሁለት የአርጎን አቶሞች ሲጣመሩ ክብደታቸው 80 ይሆናል፤ በብዛት የሚገኘው የሴሊኒየም አይሶቶፕም እንዲሁ 80 ነው። ስለዚህ ጥንዱን የሚያስወግድ ጋዝ፣ ለምሳሌ ሃይድሮጂን፣ ይጨመራል።

ይህ የላቦራቶሪው ድርሻ ነው። ደም ሲቀዳ የተፈጸመ ስሕተት ግን በየትኛውም መሣሪያ አይታረምም። የተለመደው የቱቦ ጎማ ክዳን ዚንክ ሊለቅ ይችላል፤ ቀይ የደም ሕዋስም ከሴረም ብዙ እጥፍ ዚንክ ስለሚይዝ ሲፈርስ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። እጥረት ያለባት እናት ጤነኛ ተብላ ትመለሳለች ማለት ነው። ስለሆነም ለጥቃቅን ማዕድናት የተዘጋጀ ቱቦ መጠቀምና ሴረሙን ሳይዘገዩ መለየት ያስፈልጋል። የተቀዳበት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑና ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ አብሮ ይመዝገብ፤ ሦስቱም የዚንክን መጠን ይለውጣሉ።